አንፋሩ በየስንት ቀኑ ውሃ ይጠጣል?

ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ እትዬ ደመቀች፣

ክረምቱን እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ መቼም የምታነብልዎት ልጅዎ አለሜ ናት። አለሜ፣ አደራሽን፣ ደስ የማይል ነገር ሲገጥምሽ እንዳትዘይው፤ እንዳለ አንብቢላቸው።

ቅዳሜ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሾፌሩ ሸዕባን አይሱዙውን ገበያ ዳር አቁሞ ጠራኝ። «ኩልመስክ ያሉት አማትሽ መልእክት ሰጥተውኛል» ሲለኝ ደነገጥሁ። ክፉ ወሬ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እየሳቀ፣ «‹ያቺን ልጅ፣ አንፋሩ በየስንት ቀኑ ነው ውሃ የሚጠጣው በልና ጠይቅልኝ› ብለዋል» አለኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምንም አላሉ።»

ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሦስት ጊዜ ያንኑ መለሰልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእርስዎ ለእኔ የመጣ ቃል ይኸው አንዱ ብቻ ነው። ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ሐዘን እንዳይመስልዎት።

እንግዲህ መልሱ ይኸውልዎት። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል። የዕቃ ማጠቢያ ውሃም አይጠላም፣ ሳሙና ካልበዛበት። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከሥሩ ያፍስሱለት። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ሥሩ ጠልቆ ስለሚወርድ ራሱን ይችላል። ፍየል እንዳይደርስበት ዙሪያውን እሾህ ይከልሉለት። አበባው ሲረግፍ ጫፍ ጫፉን ይቁረጡት፤ ሲቆርጡት ነው የሚበዛው። ቦታ ካለ አጠገቡ ግራዋ ይትከሉ። አንዱ አበባውን ሲያራግፍ ሌላው ስለሚያብብ ቢራቢሮዎቹ ጾማቸውን አያድሩም።

የጠየቁኝ ስለ ተክሉ ብቻ ነው። እኔ ግን ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ ጾም መግባት አልፈለግሁም።

የአንፋሩን ችግኝ ከአለሜ የአጥር በር ሥር ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሳያውቁት አልቀሩም፤ ባያውቁማ ጥያቄውን ለእኔ አይልኩትም ነበር። ሐምሌ ላይ ለልጅዎ ለሀብተ ሥላሴ «ወገል ጤና እናቴን ልጠይቅ ነው» ብዬ ዋሽቼ፣ ችግኙን በላስቲክ እንዳለ ታቅፌ ኩልመስክ መጣሁ። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ አየሁዎት። ደጅ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። እጅዎ ቀጥኗል። ጠጠሩን ለመለየት ሰፌዱን ወደ ዓይንዎ ያስጠጉ ነበር። «ቤቶች» ልል መጥቼ ሳልል ቀረሁ። ችግኙን አስቀምጬ እንደ ሌባ ተመለስሁ።

ከወገል ጤና ተድሬ ቤትዎ ስገባ ከችግኝ ጣቢያ የወጣሁ ልጅ ነበርሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ላስቲክ ውስጥ አፈር ስሞላ፣ ዘር ስበትን ነው የኖርሁት። ከእርስዎ ቤት ስመጣ ጓሮው ጎመንና ድንች ነበር፤ አንዲት ስንዝር ባዶ መሬት የለችም። ባዶ የነበረው አመድ መድፊያው ብቻ ነው። እዚያ ላይ አንፋሩን፣ ግራዋውንና ሰንሰሉን ስተክል በር ላይ ቆመው፣ «ምኑ ይበላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይበላም እትዬ። ቢራቢሮ ይጠራል።»

«ቢራቢሮ! ከቦኖ ተሰልፈን ለምናመጣት ውሃ! ሰው ሳይጠጣ ቢራቢሮ!»

ያኔ ለምን እንደ ተከልሁ አልነገርሁዎትም። ለማንም አልነገርሁም፤ ሀብተ ሥላሴ ብቻ ነው የሚያውቀው። በ1998 ሰኔ እርስዎ አለሜን ሊያርሱ ኩልመስክ በነበሩበት ወር፣ ሦስት ወር የሞላው ፅንስ ወርዶብኝ ነበር። ሲመለሱ የምሥራች ልነግርዎት አስቤ ነበር። ሲመለሱ ግን የምነግርዎት አልነበረኝም። ዓይንዎ ሆዴ ላይ ሲያርፍ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር። እጄ የሆነ ነገር ሲያበቅል ማየት ፈለግሁ። አንፋር ቶሎ ያድጋል። ለዚህ ነው።

የሚሊኒየሙ መስከረም ደረሰ። አገሩ ሁሉ ባንዲራ በባንዲራ ሆኖ ሲጨፍር አንፋሩም ከእኔ ቁመት በልጦ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ። ብርቱካንማ ሆኖ፣ ማር ማር እየሸተተ። ቢራቢሮዎቹ ከየት እንደመጡ እንጃ፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥቁር በሰማያዊ። ወር ሳይሞላ ጎመንዎ ላይ አባጨጓሬ ወረደበትና ቅጠሉ እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ጎረቤቶች በተሰበሰቡበት አንድ ቅጠል አንሥተው እያሳዩ፣ «ምራቴ ልጅ ትወልድልኛለች ብዬ ስጠብቅ አባጨጓሬ ወለደችልኝ» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ።

ሀብተ ሥላሴ ቱሪስቶቹን ቤተ ክርስቲያን አስጎብኝቶ በዚያች ቅጽበት ነበር የገባው። እናቱ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«እማዬ! በዚህ ቤት ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳልሰማ! አለዚያ…»

«አለዚያ ምን? ውጪ ልትለኝ ነው?» አሉት።

ዝም አለ። ከስድቡ ይልቅ ያ ዝምታ ከፋ። መጥረቢያ አንሥተው አንፋሩን ከሥሩ ጣሉት፤ በማግስቱ ጠዋት ልብስዎን በነጠላ ቋጥረው ወጡ። እኔ ከግድግዳው ተጠግቼ እጄን አጣምሬ ቆሜ ነበር። ሀብተ ሥላሴ «አንድ ነገር በይ» በሚል ዓይን አየኝ። «አይሂዱ እትዬ» ብል ኖሮ ምናልባት ይቀሩ ነበር። አላልሁም። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት የከበደኝ ስድቡ ሳይሆን ይህ ደስታዬ ነው።

ደግሞም ስለ ጎመኑ ትክክል ነበሩ። እርስዎ ከሄዱ በኋላ ጎመን ተክዬ ሳጠና፣ ያቺ ነጯ ቢራቢሮ አበባውን ቀስማ ስታበቃ ከጎመኑ ቅጠል ሥር ዕንቁላሏን ስትጥል በዓይኔ አየሁ። እኔ ጠርቼባችኋለሁ። ያኔ «ከአበባው አልመጣም» ብዬ በመድኃኔ ዓለም መማሌን ያስታውሳሉ፤ ይቅር ይበለኝ። አሁን ጎመኑን ወደ ላይኛው እርከን አውጥቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን ሥር እያገላበጥሁ ዕንቁላሉን በጣቴ እጠርጋለሁ፣ አመድም እነሰንስበታለሁ። ዘንድሮ የተበላው ጥቂት ነው።

አለሜ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢ።

ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን አያ ደባሱ ካቡን ሊጠግኑልኝ መጥተው አንፋሩን አዩት። ከጉቶው ሦስት ሆኖ አቆጥቁጦ ነበር። «ይህን ነው ደመቀች የቆረጠችው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ድንጋዩን አስቀምጠው ቁጭ አሉ።

«አትፍረጅባት ልጄ። በሰባ ሰባት ወደ ቆቦ አብረን ነው የወረድነው። አለሜ በእግሯ፣ ባልሽ በጀርባዋ፣ መካከለኛዋ የትናየት በእጇ። ልጅቱ መንገድ ላይ ‹እማ ይህ ይበላል?› እያለች ቅጠሉን ሁሉ ትጠይቅ ነበር። ተራራውን ሳንጨርስ አረፈች። ደመቀች ከዚያ ወዲህ ከአፍ የማይገባ ነገር ስትተክል አላየኋትም።»

እትዬ፣ የትናየት የምትባል ልጅ እንደነበረችዎት አላውቅም ነበር። ሀብተ ሥላሴን ስጠይቀው «ስሟ እቤታችን አይጠራም» አለኝ። እርስዎ «ምኑ ይበላል?» ሲሉኝ እኔ ስስት መስሎኝ ነበር። እርስዎ የልጅዎን ሐዘን፣ እኔ የእኔን ይዘን፣ ሁለታችንም በአንድ ጓሮ ከዓመት በላይ ተያየን። አንዳችን ብንናገር ምን ነበረበት?

አሁን ጓሮው እንዲህ ሆኗል። አንፋሩ አጥሩን አልፎ ከመንገድ ይታያል። ሰንሰሉ ካቡን ሸፍኖታል። ከተሰበረ ጋን የቀረውን ገል እርጥብ አሸዋ ሞልቼ ሥራቸው አስቀምጬዋለሁ፤ በቀትር ቢራቢሮዎቹ ተሰብስበው ከአሸዋው ይጠጣሉ። ሀብተ ሥላሴም ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ እዚያ ይሄዳል። ከሰፈሩ ስድስት ቤት ቅርንጫፍ ቆርጬ ሰጥቻለሁ። ያን ቀን ከሳቁት ውስጥ እንኳ ሁለቱ ወስደዋል።

ሰው ሌላ ወሬ ነግሮዎት እንደሆነ፣ ነፍሰ ጡር አይደለሁም። ሐኪም ዘንድ ሄደን «የከፋ ነገር የለም፣ ታገሡ» ተብለናል። እየታገሥን ነው፤ ተስፋም አልቆረጥን። እርስዎን ለመጥራት ግን ልጅ እስክወልድ አልጠብቅም። ልጅ ይዤ ካልሆነ አማቴን መጥራት የማልችል ከሆነ መጀመሪያውኑ ምራት አልነበርሁም ማለት ነው።

ሀብተ ሥላሴ አጠገቤ ተቀምጧል። ኩልመስክ መምጣቴን ዛሬ ነው የነገርሁት፤ አልተቆጣም። «ከአንተስ ምን ልጻፍላቸው?» አልሁት።

«ያን ዕለት ውጪ ልላት አልነበረም በያት።»

«ታዲያ ምን ልትል ነበር?»

«እኔ እንጃ። ተናድጄ ነበር። ግን ውጪ ልላት አልነበረም።»

ዓይኑን እየጠረገ ወደ ደጅ ወጥቷል።

ገና እየመጣ ነው። እንደ ወትሮው ከየአገሩ እንግዳ ይጎርፋል፤ ቤቱንም ሞልተው ያድራሉ። ለእንግዳው ንፍሮ ሲቀቀል፣ ማን የት ይተኛ ሲባል፣ ሁሉም ሰው እርስዎን ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ደግሞ መልስ አልቆብኛል። ለሸዕባን ነግሬዋለሁ፤ ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ጋቢናውን ለማንም አይሰጥም። ጉልበትዎ እንዳይጎዳ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ምሎልኛል።

በደሌን ሁሉ ጽፌልዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። የሚቆጡኝ ነገር ከቀረ ፊት ለፊት ይቆጡኝ፤ እችላለሁ። ያን ቅዳሜ ከአይሱዙው መቆሚያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ካልመጡ የሚቀጥለውን ቅዳሜም እቆማለሁ።

ምራትዎ
ፅናት