የሌሊቱ ውሃ ባለቤት አለው

ለክቡር የውሃ መግፊያና የመብራት ጣቢያ ሹም
ካሉበት ተራራ ራስ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲበረታ፣ እንቅልፍዎም እንዲጣፍጥ ከልብ እመኛለሁ፤ እኛስ እንቅልፍ ካጣን ሰነባብተናል። አድማሴ እባላለሁ፤ ከእንጅባራ ወረድ ብላ ባለችው ወንዛችን የመስኖ ተራ እንዳስከብር ሰፈሩ የመረጠኝ የውሃ አባት ነኝ። በግል ጽፌ መልስ ስላጣሁ ይህኛው በገበያ ቀን ለሕዝብ እንዲነበብ እሰጣለሁና ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፤ ወንዙን ሌሊት ሌሊት በሞተር እየገፉ ተራራው ላይ ወዳስቆፈሩት ኩሬ ስለሚያወጡልን፣ ቀን ደግሞ ቁልቁል ለቀው መብራት ስለሚሠሩበት እናመሰግናለን። ውሃ ሽቅብ ሲሄድ ሳላይ አለመሞቴ ቀላል ነገር አይደለም። መብራቱ ግን እስካሁን ከእርስዎ ግቢ አልወጣም፤ ለእኛ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል።

ሁለተኛ፤ ሰፈሩን በሰበሰቡበት ቀን የሌሊት ውሃ ሥራ ፈት ስለሆነ ማንም አይጎዳም ብለው ስላጽናኑን እናመሰግናለን። አዬ ጌታዬ! በእኛ አገር ቀኑን ጉልበተኛው ይካፈለዋል፤ ሌሊቱ የሚደርሰው ለደካማ ነው። እታለማሁ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ የድንች ማሳዋን የምታጠጣው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነበር። ሞተርዎ ከተነሣ ወዲህ ዶማዋን ይዛ ከደረቅ ቦይ ዳር ተቀምጣ ታድራለች። ድንቹ ጠውልጓል፤ ልጆቿ ደግሞ ሌላ የሚቀምሱት የላቸውም። የቀን ተረኞቹን ትንሽ ልቀቁላት ብዬ ብለምን፣ ጥፋቱ የእርስዎ እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ ምለው ነገሩኝ። ለካ እነሱንም ከኃጢአት ነጻ አውጥተዋቸዋል፤ ለዚህም ምስጋና ይግባዎ።

ሦስተኛውንም ልጽፍ ነበር፤ ደከመኝ። በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ሞተሩን ቢያስቆሙልን ኩሬዎ አይደርቅም፤ ለእሷ ግን የዓመት ቀለቧ ነው። እኔም የውሃ አባት ተብዬ እሷን ባየሁ ቁጥር መንገድ መቀየሬን እተው ነበር።

ተራራ ውሃ ላጠጡት ክቡርነትዎ፣ አንዲት ማሳ ማጠጣት ያቃተው ትሑት አገልጋይዎ፣

አድማሴ
የካቲት 1957 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳልልክ እታለማሁ ተስፋ ቆርጣ መሬቷን እያረሰ ምርቱን በእኩል እንዲያካፍላት ለጣቢያዎ ጸሐፊ ሰጠች። እሱም ትናንት መጥቶ የመስኖ ተራ ጠየቀኝ። የእሷን የሌሊት ተራ ልሰጠው ብል፣ ሌሊትማ ውሃ ስለሌለ የቀን ይሁንልኝ አለ።