አባዬ የሣለው መስቀል

ማክሰኞ፣ ጄኔቭ

ዛሬም አልተናገረም። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ የአባዬ ቀኝ እጁም ምላሱም አልታዘዝ ብለውታል። ዶክተሯ ዓርብ ትወስናለች። የሚባለው የሚገባው ከሆነ ማገገሚያ ሆስፒታል ይገባል፤ ካልሆነ የአረጋውያን ቤት። በፈረንሳይኛ ጠየቀችው፣ ዝም። በአማርኛ ጠየቅኩት፣ ያው ዝም። ዓይኑ ግን ይከተለኛል። ለወንድሜ ለዳንኤል ስነግረው፣ «እህቴ፣ ራስሽን አታታልይ» አለኝ። ተናደድኩበት።

ረቡዕ

አንድ ነገር መጣልኝ። አባዬ አዲስ አበባ ሳለን ዕድሜውን ሙሉ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነበር። ቃሉ ቢጠፋበት ሒሳቡ አይጠፋው ይሆናል ብዬ ሁለት እኩልታ ጻፍኩለት፦

2x + 3y = 12
4x + 6y = 30

በግራ በኩል የታችኛውን የላይኛው እጥፍ ያደረግኩት እንዲቀለው ብዬ ነው። የቀኙን ቁጥር እንደመጣልኝ ጻፍኩ። የላይኛውን በሁለት አባዝቶ ይቀንስና አንዱን ፊደል አስወግዶ ሌላውን ያገኛል። እኔ የማስታውሰው ይህን የማስወገድ ዘዴ ብቻ ነው።

እርሳሱን በግራ እጁ ያዘ። ብዙ ቆየ። ቁጥር አልጻፈም። ትልቅ መስቀል ሣለ፣ ላዩ ላይ ሁለት ዘንበል ያሉ ጭረቶች። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጦ አየኝ።

ዳንኤል መስቀሉን ሲያይ አለቀሰ። «ታውቆታል። የንስሐ አባቱን እንጥራ» አለ። እኔም አለቀስኩ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቄሱ ለዓርብ ቀጠሩን።

ሐሙስ፣ ዙሪክ

ልብስ ልወስድ ዜባህ ሰፈር ያለው ቤቴ ገባሁ። ጥቁር ቀሚሴን ሻንጣ ውስጥ አደረግኩ።

ወደ ጄኔቭ ስመለስ ባቡር ውስጥ ወረቀቱን አወጣሁ። ሌላ ነገር እንዳላስብ ብዬ እኩልታውን ራሴ ጀመርኩት። አባዛሁ፣ ቀነስኩ። ሁለቱም ፊደላት አንድ ላይ ጠፉ! የቀረው 0 = 6። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። ያው ነው።

መልስ የለውም። መልስ የሌለው ጥያቄ ነው የሰጠሁት።

ያኔ ልጅ ሳለን ሲያስጠናን የሚለው ትዝ አለኝ። «መጀመሪያ ሣሉት፤ መስመሮቹ የት እንደሚገናኙ እዩ።» ወደ ታች አንድ መስመር፣ ወደ ጎን አንድ መስመር ያሰምርና ሁለቱን እኩልታዎች በዚያ ላይ ይሥላል። የሚገናኙበት ቦታ መልሱ ነው። ካልተገናኙ መልስ የለም።

ሥዕሉን እንደገና አየሁት። ሁለቱ ጭረቶች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ አይነካኩም። መስቀል አልሣለም። መልሱን ነው የሰጠኝ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ጄኔቭ

ዶክተሯ ፊት ሌላ ጻፍኩለት፣ ዛሬ መልሱን አረጋግጬ፦

2x + 3y = 12
x − y = 1

መስቀሉን ሣለ። መስመሮቹን ሣለ። ተገናኙ። መገናኛው ላይ በተንጋደደ ጽሕፈት 3 እና 2 ጻፈ። ዶክተሯ ራሷ ሠርታ አየችው። ማገገሚያ ሆስፒታል እንዲገባ ትጽፋለች። ይናገር አይናገር ግን እንደማታውቅ ነገረችን።

ቄሱ መጡ፣ ስለ ምሕረት ጸለዩለት። ዳንኤል ኮሪደር ቆሞ ቀረ።

ሁሉም ሲወጡ አባዬ ለዶክተሯ ያሳየሁትን የረቡዕን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። ጣቱን 30 ላይ አድርጎ አፈጠጠብኝ።

«አዎ አባዬ፣ ሳላረጋግጥ ነው የጻፍኩት። ስሕተቱ የኔ ነው» አልኩት።

ራሱን ወደ ታች ነቅንቆ አዎን አለኝ። ከታመመ ወዲህ ሳናግረው ሲመልስልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።