በሩብ ዓመት መጨረሻ ለሚገዙልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ ፋንግ ጂ-ዌን፣
የ«ረጅም ባሕር» ኢንቨስትመንት ፈንድ ሥራ አስኪያጅ፣
ታይፔ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ እንቅልፍም ሳይጎድልብዎ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። በታይናን ዳርቻ ከአክሲዮን ደላላው አዳራሽ ተቀምጠን የዋጋ ሰሌዳ የምናይ ጡረተኞችና የቤት እመቤቶች ለእርስዎ ጤና ከራሳችን አስበልጠን እንጸልያለን፤ እርስዎ ሲገዙ እንገዛለንና።

አንደኛ፣ ምስጋና። ገበያው ከተዘጋ በኋላ ፈንዶች የገዙትንና የሸጡትን የሚገልጸውን ዘገባ በየቀኑ አነባለሁ። ለዓሣ ኩሬ አየር መስጫ ማሽን የሚሠራውን የከተማችንን ፋብሪካ አክሲዮን ከአገር ውስጥ ፈንዶች የያዙት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ፣ ዘገባው ስምዎን ባይጠራም ዱካዎ አይጠፋኝም። ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ይገዛሉ፤ ዋጋው ወጥቶ ሰሌዳው በደስታችን ቀለም፣ በቀይ ይበራል፤ የአዳራሹ ነባር አቶ ቼንግም ከወንበራቸው ተነስተው፣ ዝሆን የሚሉት እርስዎን ነው፣ «ዝሆኑ መንገድ ጠርጓል፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ይላሉ። የፈንድዎ የሩብ ዓመት ውጤት አምሮ ከተጻፈ በኋላ ግን፣ የገዙትን ተከትለንዎት ለመጣነው መልሰው ይሸጡልናል። ያን ጊዜ ዋጋው ወርዶ ሰሌዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ አቶ ቼንግም ይቀመጣሉ።

ሁለተኛ፣ ጎረቤቴ እትዬ ኩዋይ-ሜይ እርስዎን ተከትላ ያንኑ አክሲዮን ለመግዛት ስትል ከባሏ የወረሰችውን የዓሣ ኩሬ ልትሸጥ በመጪው ሰኞ ትፈርማለች። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ተይ ብላት «ደግሞ ልታሟርቺ መጣሽ? አክሲዮን እንደሆነ መኖ አይበላ፣ አይታመም! ፈንዱ ካንቺ አንሶ ነው የሚያውቀው?» አለችኝ። የመጨረሻውን ጥያቄ ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ። እርስዎ ያውቁ ይሆናል። በእኛ አገር የኩሬው ማሽን በሌሊት ከቆመ ውኃው ጸጥ ይላል፤ ሲነጋ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይገኛል። ይህን ያነሳሁት ከመግዛትዎ በፊት ያለው ጸጥታዎ ሰሞኑን ስለበዛብኝ ነው።

ሦስተኛውን ልተወው ነበር። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ዱካ አይቼ፣ በራሷ ፊደል የቆጠረች ሴት ማን ይሰማታል ብዬ ዝም አልኩ። አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩት አዛውንቱ ልያኦ ተከትለውዎት ጥሪታቸውን ሁሉ አጡ። ዛሬ ወንበራቸው ላይ ማንም አይቀመጥም። ስለዚያ ወንበር እርስዎን ብቻ አልከስም፤ ግማሹ የእኔ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ከሰኞ በፊት በጋዜጣ አንድ መስመር ይጻፉልን፦ በዚህ ሩብ ዓመት የሚገዙት ሊያቆዩት ነው ወይስ ውጤትዎ በሩብ ዓመቱ ፎቶግራፍ ላይ እንዲያምር? ጊዜዎን መሻማቴን በትሕትና ይቅር ይበሉኝ።

ከፊትዎ ለመቆም ባትበቃም ዱካዎን ለአንድ ቀን እንኳ ያልሳተችው አክባሪዎ፣
ወይዘሮ ሶንግ ዩዌ-ሻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት በአዳራሹ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እዚያ ድምፄን የሰሙት ገና ያን ቀን ነው። እትዬ ኩዋይ-ሜይ ሰደበችኝ፤ ሲመሽ ግን ፊርማውን ሩብ ዓመቱ እስኪያልፍ ማቆየቷን ነገረችኝ። አቶ ቼንግም «አንድ ሳምንት ብንቆይ ዝሆኑ አይሞት» ብለው ተቀመጡ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሩብ ዓመትም እንደ ልማድዎ ይግዙ። በማግሥቱ ሊሸጡ ሲመለሱ ግን እባክዎ ዞር ብለው ይመልከቱ፤ ከኋላዎ ማንም የለም።