በጣት የዞረው ዳዶ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 ቀን፣ ከሥራ መልስ

ለናፈቅኸኝ ልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? ሥራው እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህ ደህና ናት፤ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቀድሞኝ ጡረታ ወጥቷል፣ እኔ ገና አራት ወር ይቀረኛል።

በደወልክ ቁጥር የምታወራው ከእናትህ ጋር ነው። እኔ ከወዲህ «ሰላም በይልኝ» እላለሁ፣ አንተም ከወዲያ «ሰላም በይልኝ» ትላለህ። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ። የዛሬው ነገር ግን በሰው የሚላክ አይደለም።

መንግሥት በየከተማው ያሉት ትላልቅ የኔትወርክ ማማዎች በሙሉ እንደገና ይፈተሹ ብሎ አዟል። ለእኛ ቢሮ አርባ ሦስት ደርሶናል። ከጠዋት እስከ ማታ ደረጃ መውጣት፣ ቅጽ መሙላት፣ ቁልፍ የጠፋበትን ዘበኛ መለመን ነው። ደክሞኛል፣ ልጄ። እንቅልፍም የማያወጣው ድካም ነው። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ተራው የጤና ጣቢያው ማማ ሆነ።

ከሦስት ዓመት በፊት ያን ማማ የጨረስንበትን ቀን አልረሳሁትም። ብሎኑን የሚይዘው ዳዶ በልኩ ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ ቀይ መስመር ይሰመርበታል፤ ኋላ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ከታች ሆኖም ይታያል። አንተ ከላይ ወርደህ «ስድስቱ ጥርሳቸው ተበልቷል፣ አይጠብቁም። ካልተቀየሩ አላሰምርም» አልከኝ። ርክክቡ በማግስቱ ነበር። ሌላ ሠራተኛ ልኬ አሰመርኩ። አንተ ዝም አልልም ስትል ደግሞ «ትእዛዝ አይቀበልም» ተብሎ የተጻፈው የስንብት ደብዳቤህ ላይ ፈረምኩ። የፈረምኩት እንደ አለቃ እንጂ እንደ አባት አይደለም እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ።

ዓርብ ዕለት አብረውኝ ያሉት ልጆች ከግቢው ሆነው በአቅራቢ መነጽር አዩና «መስመሩ ሁሉ ቀጥ ብሏል ጋሼ፣ ይፈርሙልንና ወደ ምሳችን» አሉኝ። ያዩት ልክ ነው። እንደላላ የተሰመረ ዳዶ መስመሩ በምን ይሰበራል? ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር፣ አልዋሽህም። እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስከትቡ ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል፤ አንዷ ፀሐዩ ሲበረታባት ልጇን ይዛ ወደ ማማው ጥላ ተጠጋች።

«የመውጫ ቀበቶውን አምጡ» አልኩ።

«እርስዎ ጋሼ? ኧረ ቢወድቁ ለባለቤትዎ ምን እንላለን?»

«ወደቀ በሏት።»

በየአሥር እርከኑ እያረፍኩ ወጣሁ። ጓንቴን አውልቄ የመጀመሪያውን ዳዶ ያዝኩት። ያለ መፍቻ፣ በጣቴ ዞረ። ሁለተኛውም ዞረ። አራተኛው ላይ ስደርስ አለቀስኩ፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚያየኝ አልነበረም። ወርጄ ግቢውን አስለቀቅኩ፣ ማማውም ይፍረስ ብዬ ጻፍኩ።

ትናንት ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ ጠራኝ። ሰብሳቢው የድሮ ባልንጀራዬ ነው፤ ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ወሰደኝና «ነፋስ አላልቶት ነው በልና ተገላገል። አራት ወር ሲቀርህ በገዛ እጅህ አንገትህን ገመድ ውስጥ ታስገባለህ?» አለኝ። «መስመሩን ያሰመረው ነፋስ አይደለም» አልኩት። ውሳኔው ሐሙስ ነው። ጡረታዬን ሊያስቀሩብኝ ይችላሉ፣ ሊከሱኝም ይችላሉ።

ዛሬ ጠዋት ለእናትህ ነገርኳት። የተሻለ ሥራ አግኝተህ የሄድክ ነበር የሚመስላት፤ እኔም እንዲመስላት ትቼው ነበር። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እኔ'ኮ የኮራው እሱ መስሎኝ፣ አባትህን አናግረው እያልኩ በየስልኩ ስቆጣው ነበር» አለችኝ። በየስልኩ መቆጣቷን እኔ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። አንተ ችለኸው ኖረሃል፤ አንድም ቀን ገመናዬን አላወጣህም። ከዳዶው ይልቅ ይሄ ገደለኝ።

ከሰዓት በኋላ የማማውን የመጨረሻ ቅጽ ልሞላ ቢሮ ገባሁ። «ለጉድለቱ ተጠያቂ» በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩ። ቀጥሎ «ጉድለቱን አስቀድሞ ያስታወቀ» ይላል። ያንተን ስም ጽፌ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት። አየችውና መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ ስም ከነአባት ነው እኮ። ይጨርሱት እንጂ» አለችኝ።

እስክሪብቶውን መልሼ አነሳሁ። አልቻልኩም። ቦታውን ክፍት ትቼው ወጣሁ።

ይህን ወረቀት እናትህ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። እዚያም ከፍታ ላይ ነው የምትሠራው አሉኝ፤ የጨበጥከው ይጽናልህ፣ የረገጥከው አይክዳህ። ፈጣሪ ለእናትህ ዓይን ያብቃህ። እስከ ሐሙስ ጠዋት ጊዜ አለ። ከስምህ ቀጥሎ ስሜን እንድጽፍ ትፈቅድልኛለህ?

አባትህ