ባለቅንድቧ ዶሮና የእኔ ማህተም

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን አሥራ አራት አዲስ መጻሕፍት ገቡ። ሁሉም የልጆች። ሁሉንም በማህተሜ አተምኩ፤ የርዕሱ ገጽ ላይ፣ ግርጌ፣ መሃል። አንዱም አልተንጋደደም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ሰው በልጁ ይኮራል፣ እኔ በማህተሜ… ምን ላድርግ?

የተቀደደ መጽሐፍ የሚጠግኑት ጋሼ ዛሬም ነገር ፈለጉኝ። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ ማምለጫ የለኝም።

"አንቺ፣ በውሃ ልክ ነው እንዴ የምታትሚው?"

"ሙያ በልብ ነው" አልኳቸው።

ከሰዓት እህቴ ደወለች። የሥራ ፈረቃዋ ተቀይሯል። ልጇ ሚጡ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ጋ ትቆያለች። ሁለተኛ ክፍል ደርሳ መጽሐፍ አላስጠጋ ብላለች አሉ። "አንቺ መጽሐፍ መሃል ተቀምጠሽ የእኔ ልጅ ፊደል ትፍራ?" አለችኝ እህቴ። እኔ ምን አገባኝ? አትማለሁ እንጂ አላስተምርም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሚጡ መጣች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጠረጴዛዬን ዞር ዞር ብላ አየች።

"አክስቴ፣ እኔ ልምታው?" ማህተሙን ማለቷ ነው።

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"ታንጋድጂዋለሽ።"

"ቢንጋደድስ?"

ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አኩርፋ መደርደሪያው ሥር ተቀመጠች። አንድ ቃል አታነብም፣ ሥዕል ብቻ ነው የምትገልጠው። ቆይቶ ድምጿ ጠፋ። የልጅ ዝምታ ደግ አይደለም ብዬ ሄጄ ሳይ፣ ሦስት መጻሕፍት ወለሉ ላይ ደርድራለች። አንዱ ስለ ማንቆርቆሪያ፣ አንዱ ስለ ደመና፣ አንዱ መሰላል ስለምትወጣ ዶሮ።

"እነዚህ የአንድ ሰው ናቸው" አለችኝ።

"አይደሉም፣ የኔ ቆንጆ። ሦስት ደራሲዎች ናቸው የጻፏቸው።"

"የጻፈውን አላልኩም። የሳለውን ነው። አታይም? ሁሉም ቅንድብ አላቸው።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

እውነቷን ነው። ማንቆርቆሪያው ቅንድብ አለው። ደመናውም። ዶሮዋማ አንዱን ቅንድቧን ሰቅላ ነው የምታየኝ። ሦስቱንም በገዛ እጄ አትሜያቸዋለሁ… ዓይኔ የት ሄዶ ነበር?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሚጡ ዛሬ እንደገባች "የሳለው ማነው?" አለች። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ የዶሮዋን መጽሐፍ መዝገብ ካርድ አወጣሁ። ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ ዓመት። የሠዓሊ መስመር የለውም። ሽፋኑ ላይም የደራሲው ስም ብቻ። የርዕሱን ገጽ ገለጥኩ። ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል "ሥዕል፦" ይላል። ከዚያ በኋላ ወይን ጠጅ ክብ። የእኔ ማህተም። ቀጥ ያለ።

ሁለተኛውን ገለጥኩ። ሦስተኛውን። ከዚያ መደርደሪያውን በሙሉ ማገላበጥ ጀመርኩ። የሠዓሊዎቹ ስም የሚጻፈው ግርጌ፣ መሃል ላይ ነው። እኔስ የማትመው የት ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስቀብር ኖሬያለሁ።

"አክስቴ፣ ለምንድነው ስማቸው ላይ የመታሽባቸው?"

"ደንቡ ነው።"

ማታ ሳልወጣ ደንቡን ከፋይል አውጥቼ አነበብኩት። "ግርጌ" ይላል። "መሃል" አይልም። መሃሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስለሚያምር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለጋሼ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ፤ መነጽራቸው እስኪወድቅ። ከዚያ ግን የዶሮዋን መጽሐፍ ተቀብለው መስኮቱ ጋ ሄዱ፣ ገጹን መስታወቱ ላይ ለጠፉት።

"ፊት ለፊት ስታዪው ማህተምሽ ያምታታሻል። ከጀርባ በብርሃን እዪው።"

ፊደሎቹ ብቅ አሉ… ግን ተገልብጠው። እኔ አንባቢዋ ግራ ገባኝ። ሚጡ ወንበር ላይ ወጣች። የተገለበጠ ፊደል ለእሷም ለእኔም እኩል ነው መሰለኝ፣ አንዱን እሷ አንዱን እኔ እያልን ለቀምነው። የሴት ስም ነው። ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠራሁት። በዚህ ደብተር ግን ሚጡ ባወጣችላት ስም ትቅር፦ ባለቅንድቧ።

ከዛሬ ጀምሮ ማህተሜ ከገጹ ጀርባ ነው። ሰው ሳይሞት ይማራል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

የምሳ ሰዓቴን በሙሉ መስኮቱ ወሰደው። እስከ ዛሬ ስድሳ አንድ ስም አወጣን። እያንዳንዱን ካርዱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እጨምራለሁ፦ "ሥዕል፦ እገሌ"።

እንዴት ያሉ ሰዎች አሉ! አንዱ የሰው ፊት ጨርሶ አይስልም፤ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቆሙት። የቱ እንደሚያለቅስ ግን ከትከሻው ታውቂዋለሽ። አንዷ ከቢጫና ከጥቁር ሌላ ቀለም አታውቅም፣ በዚያው ሌሊቱን ታሞቀዋለች። ሌላዋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፍታ ፎቶ ታነሳለች፤ ወንዙ ከሸሚዝ ኮሌታ የተሠራ ነው፣ ቁልፉ ሳይቀር አለ። እነዚህን ሁሉ በየቀኑ አቧራቸውን እየጠረግኩ አላውቃቸውም ነበር። በስተርጅና ፍቅር ያዘኝ።

ሚጡ በቀን ሦስት አራት ስም ታነባለች። "አነበብሽ እኮ" ስላት "ይሄ ማንበብ አይደለም፣ ፍለጋ ነው" ትለኛለች። ለእህቴ አልነገርኩም። ዝም ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ቆጨን። የዶሮዋ መጽሐፍ የሚያልቀው ዶሮዋ መሰላሉ ጫፍ ላይ ደርሳ መውረድ ሲያቅታት ነው። ከዚያስ? አንዲት መጽሐፍ ሻጭ ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። "ሁለተኛ መጽሐፍ ነበረው፤ ሠዓሊዋ አልስልም ብላ ቀረ ይባላል" አለችኝ። የት እንዳለች ግን የሚያውቅ የለም፣ አሳታሚውም ከተዘጋ ቆይቷል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

የሚጡ ጥርስ ተነቃንቆ የጥርስ ሐኪም ጋ ይዣት ስሄድ፣ በሩ ላይ ደርሳ እንደ ችንካር ቆመች። ፈርታ መስሎኝ መለማመጥ ጀመርኩ። ለካ ታፔላውን ነው የምታየው። ትልቅ ነጭ ጥርስ ተስሎበታል። ጥርሱ ቅንድብ አለው። አንዱን ሰቅሎታል።

"ባለቅንድቧ!" አለች።

ጥበቃው ታፔላውን የሠራችው ሴት ከጋራዡ ጀርባ እንደምትሠራ ነገረን። በደስታ ጥርሱን ረስተነው ተመለስን። ቤት ስንደርስ በራሱ ወለቀ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

በምሳ ሰዓት ብቻዬን ሄድኩ። ሚጡን ሳልይዝ በመሄዴ ጥሩ አደረግኩ።

ጠባብ ቤት። ግድግዳው ሁሉ ቆርቆሮ ተደግፎበታል። የቀለም ማቅጠኛ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። እሷ መሰላል ላይ ሆና "ጎማ እንጠግናለን" እየጻፈች ነው። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ክርኗ ድረስ ሰማያዊ።

"ከቤተ መጻሕፍቱ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"ከልጆቹ ክፍል?"

"አዎ።"

"ማህተም የሚመታው ማነው?"

ልዋሽ ዳድቶኝ ነበር… "እኔ ነኝ።"

ቀስ ብላ ወረደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"የዶሮዋ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ መውጣቱን ስሰማ እናቴን ይዤ መጣሁ። እናቴ ከታፔላ ሌላ እንደምሠራ አታምንም። መነጽሯን አደረገች፣ ገጹን ገለጠች። 'ታዲያ ስምሽ የታለ?' አለችኝ። 'ክቡ ሥር ነው እማዬ' አልኳት። 'እህ' አለች። በቃ፣ 'እህ'። እርስዎ ምን ያውቃሉ… ታፔላ ላይ ማንም ማህተም አይመታም።"

ይቅርታ ጠየቅኩ። "ምንም አይደል" አለች። ሰው እንደዚያ አድርጎ ምንም አይደል ሲል ብዙ ነገር ነው።

"ዶሮዋስ?" አልኳት በሩ ላይ።

"የሁለተኛው መጽሐፍ ጽሑፍ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ደራሲው ከሰጠኝ አራት ዓመቱ። ዶሮዋ እዚያው ትኑር።"

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

የእናቷ "እህ" ጆሮዬ ውስጥ አለ። ድምፃቸውን ሰምቼው እንኳን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ለሚጡ እውነቱን ነገርኳት። ወረቀት ጠየቀችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ምላሷን አውጥታ፣ በላጲስ እያጠፋች ጻፈች። በሕይወቷ የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ይመስለኛል። ግርጌው ላይ ስሟ አለ፤ እንዲህ ይላል፦

"ዶሮዋ አልወረደችም። እግሯን ያማታል። አክስቴ አጥፍታለች። ዶሮዋ ግን ምን አጠፋች?"

"አክስቴ አጥፍታለች" የምትለዋን ላስጠፋት አሰብኩ። ተውኩት፤ ሐቅ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ ወርክሾፑ ተዘግቶ ስለነበር በበሩ ሥር ሰደድንላት።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

"ለሚጡ" የሚል ፖስታ መጣ! ውስጡ አንዲት የካርቶን ቁራጭ። መሰላሉ፣ ዶሮዋ… አንድ እርከን ዝቅ ብላለች። ጽሑፍ የለውም። ሚጡ ከመጽሐፉ ጋር አስተያይታ እርከኖቹን ቆጠረች። አምስት ይቀራሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

ሁለተኛ እርከን። ቅንድቧም ትንሽ ዝቅ ብሏል። ጋሼ ካርቶኖቹን የሚይዝ ትንሽ ማህደር ሠሩላት፤ "ይህቺ ዶሮ ከእኔ ጉልበት ትሻላለች፣ እኔ መሰላል ላይ መቆም ካቆምኩ ቆየሁ" እያሉ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ሦስተኛዋን ስንጠብቅ ዋልን፤ አልመጣችም። ሚጡ በሩ ላይ ተተክላ ዋለች። ምን ብዬ ላጽናናት? ሐሳቧን ቀይራ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

መጣ! በአንድ ቀን ብቻ ነው የዘገየው። ከጀርባው "ታፔላ በዛብኝ" ተብሎ ተጽፎበታል። ሚጡ ሳትንተባተብ አነበበችው። እኔና ጋሼ ተያየን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

የመጨረሻው እርከን። ዶሮዋ አንድ እግሯን አንስታለች፤ መሬቱ ከሥዕሉ ውጪ ነው። ከጀርባው፦ "መሬቱን ለመጽሐፉ አስቀርቼዋለሁ።"

አለቀስኩ። ጋሼ "ሙጫዬ ነው ዓይን የሚያቃጥለው" አሉኝ። አዎ፣ ሙጫው ነው አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ባለቅንድቧ ስልክ ደወለች። የማህተሜን ስፋት ጠየቀችኝ! በማስመሪያ ለክቼ ነገርኳት፦ አራት ሳንቲሜትር። "ለምን ፈለግሽው?" ስላት "እንዲሁ" ብላ ዘጋች። (አሁን አንቺ ተባብለናል።) ልትወቅሰኝ ነው እንዴ…

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ዛሬ ከመደርደሪያው በላይ ወረቀት ሰቀልኩ፦ "እነዚህን የሳሏቸው"። መጻሕፍቱን በሠዓሊዎቹ ስም ደረደርኳቸው። አራት ሰዓት ላይ ባለቅንድቧ እናቷን በክንድ ደግፋ ገባች። እማማ ደቃቃ ናቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አንደበታቸው ግን ስል ነው።

"የምታትመዋ አንቺ ነሽ?" አሉኝ ገና ሳይቀመጡ።

"እኔ ነኝ፣ እማማ። ይማሩኝ።"

"መጀመሪያ ልየው።"

የዶሮዋን ሁለተኛ መጽሐፍ ሌላ አሳታሚ አውጥቶታል፤ ገና የቀለም ሽታው አልለቀቀውም። እማማ መነጽራቸውን አድርገው የርዕሱን ገጽ ገለጡ። የልጃቸው ስም ከደራሲው ስም እኩል ገዝፎ ተጽፏል። ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሳለፉ ከነአባቷ ስም አነበቡት። ባለቅንድቧ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች።

"እህ" አሉ እማማ።

የማህተሜን መሳቢያ ገፍቼ ዘጋሁት።

"ይህ ቅንድብ የአባትሽ አይደለም እንዴ?"

ጋሼ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ እኛም ተከተልን። ባለቅንድቧ እየሳቀች ዓይኗን በሰማያዊ ክርኗ ጠረገች። እማማ ግን አልጨረሱም፤ ስሙን ከመጀመሪያው ጀምረው በድጋሚ አነበቡት።

ያኔ ነው ግርጌውን ያየሁት። ዶሮዋ መሬት ላይ ቆማለች። ሁለት ክንፎቿን ዘርግታ ከራሷ በላይ ባዶ ክብ ይዛለች፣ እንደ ትሪ። አንዱን ቅንድቧን ሰቅላ ቀጥ ብላ ታየኛለች። ክቡ አራት ሳንቲሜትር ነው፤ መለካት አላስፈለገኝም።

"ምቺ እንጂ" አለችኝ ባለቅንድቧ።

ማህተሙን ከመሳቢያ አወጣሁ። እህቴ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሚጡ ደግሞ ከጎኔ ሆና የሁለተኛውን ገጽ ጽሑፍ ማንም ሳይጠይቃት ጮክ ብላ እያነበበች ነው። እህቴ አፏን በእጇ ይዛለች።

ሚጡ ማንበቧን አቋርጣ ቀና አለች። "አክስቴ፣ እኔ…"

ሳትጨርስ ሰጠኋት።

በሁለት እጇ ይዛ፣ ምላሷን አውጥታ መታችው። ተንጋደደ። ግማሹ የዶሮዋ ክንፍ ላይ ወጥቷል። ሁሉም እኔን አዩ።

መጽሐፉን ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ አቆምኩት። የርዕሱን ገጽ ገልጬ፣ ለሁሉም እንዲታይ።