«የት ነበር?» ብሎ መጠየቅን ያስተማሩን ኮማንደር የብርጓል ዓምደ ሚካኤል
(1976–2018 ዓ.ም.)

በሾላ ዳር ሚካኤል ቅጥር ግቢ ለሽኝት የተሰበሰባችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ፍትሐቱ ደርሷል፤ አሁን ደግሞ እኛ ቤተሰቦቻቸው ስለ እኅታችን ስለ ኮማንደር የብርጓል የምናውቀውን እናሰማችኋለን።

ኮማንደር የብርጓል ከአባታቸው ከቄሰ ገበዝ ዓምደ ሚካኤል መርስዔ ኀዘን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አገርነሽ ደምሌ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም. በዚችው በጣና ዳር መንደራችን ተወለዱ። ዕለቱ የሚካኤል ንግሥ ስለነበር አባታቸው የምሥራቹን የሰሙት ከቅዳሴ ሲወጡ ነው። ፊደልና ዳዊት የተማሩት ከአባታቸው ነበር። ዳዊቱን ገና በልጅነታቸው በቃላቸው ስላወቁት፣ አባታችን ደክሟቸው አንድ መስመር ቢዘሉ ቶሎ የሚያስታውሷቸው እሳቸው ነበሩ። አባታችን በዚህ እየሳቁ ለእንግዳ ሁሉ ያወሩ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ተከታትለው፣ ሁለተኛ ደረጃን በባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር በአክስታቸው ቤት ተቀምጠው አጠናቀቁ። በ1995 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ቤተሰቡ ነርስ ወይም አስተማሪ ይሆናሉ ብሎ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን የወንጀል ፍትሕ ትምህርትን መረጡ። አባታችን ነገሩ አልገባቸውም፤ «ዱላ ለመያዝ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም የገባን ብዙ ቆይቶ ነው። ለዕረፍት ሲመጡ የሚያወሩልን ነገር አፋችንን ያስከፍተን ነበር። ሰው ለምን እንደሚያጠፋ፣ ምስክር አይቻለሁ ያለውን በእርግጥ ማየቱ እንዴት እንደሚጣራ፣ መርማሪ ምን ማድረግ እንደማይፈቀድለት፣ ፍርደኛ ተፈትቶ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ማን እንደሚቀበለው፤ ይህ ሁሉ ትምህርት ነው ብሎ ማን አስቦ! በ1998 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ።

በቀጣዩ ዓመት የፖሊስ ሥልጠና ወስደው በመርማሪነት ሥራ ጀመሩ። ባልደረቦቻቸው እንደሚመሰክሩት፣ «ማን አደረገው?» ከማለታቸው በፊት «ሰውየው የት ነበር?» ይሉ ነበር። ፍርድ ያልተሰጠበትን ሰው ሌባ ብሎ መጥራት በእሳቸው ፊት አይቻልም፤ ተጠርጣሪ ነው የሚባለው። ቤታቸው ስኳር ሲጎድል ልጆቻቸው እንኳ አንዱ ሌላውን ተጠርጣሪ ይለው ነበር።

አሁን የምንናገረውን ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. የደብራችን የብር መስቀል ከዕቃ ቤት ጠፋ። ቁልፉ በአባታችን እጅ ስለነበር ሐዘናቸው ከሁላችንም የበረታ ነበር፤ እህል አልቀምስ ብለው ሰነበቱ። በአገራችን ልማድ አውጫጭኝ ተጠራ። በአውጫጭኝ የአጥቢያው ሰው ሁሉ ከሾላው ሥር ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ያወጣል፤ በዚያ ቀን የቀረ ሰው ራሱን እንደ ከሰሰ ይቆጠራል። የቀሩት በታንኳ ዓሣ እያመጡ የሚሸጡት አቶ ደሞዝ ብቻ ነበሩ። አባታችን ተነሥተው፣ «የቀረ ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» አሉ። የአባታችን ቃል ለዚህ ሕዝብ ከፍርድ አይተናነስም ነበር። አቶ ደሞዝ ወደ መንደሩ እንደ ተመለሱ ተይዘው ለፖሊስ ተሰጡ። የት እንደ ነበሩ ሲጠየቁም ዝም አሉ፤ ዝምታቸውም ጥፋታቸውን እንደ ማመን ተቆጠረ።

ኮማንደር የብርጓል ጉዳዩ የአባታቸው ደብር ጉዳይ በመሆኑ ለሌላ መርማሪ እንዲሰጥ አመለከቱ፤ ተሰጠም። አገሩንና ሰዉን የሚያውቁት እሳቸው ስለነበሩ ግን፣ ተጠርጣሪው የት እንደ ነበሩ ከመርማሪው ጋር አብረው እንዲያጣሩ ታዘዙ። አቶ ደሞዝን ሲያነጋግሯቸው፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት የሸሚዛቸውን እጅጌ እስከ አንጓቸው ቆልፈው አዩ። አልጮኹባቸውም፤ አላስፈራሯቸውም። «እጅዎን ያሞታል?» ብለው ብቻ ጠየቁ። አቶ ደሞዝ ያን ጊዜ አለቀሱ። ቆዳቸውን ታመው ወንዛዬ ፍል ውሃ ሲጠመቁ ነበር የሰነበቱት። በዚህ እጅ የተያዘ ዓሣ ማን ይገዛኛል ብለው ለሰው አልተናገሩም። ይህን ዛሬ የምንገልጠው አቶ ደሞዝ ራሳቸው ፈቅደውልን ነው፤ ሕመሙም ከለቀቃቸው ቆይቷል።

መርማሪዎቹ ወንዛዬ ወርደው ያሳደሯቸውን ሴትዮና አብረዋቸው የተጠመቁትን ሰዎች ጠየቁ። አቶ ደሞዝ መስቀሉ ከመጥፋቱ በፊት ሄደው አውጫጭኙ ካለፈ በኋላ መመለሳቸው ተረጋገጠ፤ ዐቃቤ ሕግም ለቀቃቸው። የእኅታችን ዕዳ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የመልአኩን መስቀል ሌባ ፈታች ተባሉ። አባታችንም ለመጣው ሁሉ የሚዘረጉትን የእጅ መስቀል ለልጃቸው መዘርጋት ተዉ። እሳቸው ግን በየሚካኤሉ ንግሥ እየመጡ ከሴቶቹ ጋር ይሰለፉ ነበር። አባታችን ዘለዋቸው ሲያልፉ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተው ይመለሳሉ። እኛ በንዴት ስንቃጠል፣ «አባዬ አልዋሹም፤ ያመኑትን ነው የተናገሩት» ይሉን ነበር። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ ይገርመናል።

በ2004 ዓ.ም. ከመሐንዲስ ይትባረክ አየነው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ አባታችን በሠርጉ አልተገኙም። ርሆቦትንና ፍሬ ስብሐትን ወልደው በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ኖሩ።

በ2010 ዓ.ም. ቅርስ የሚያዘዋውሩ ሰዎች በሌላ ከተማ ሲያዙ መስቀላችን ተገኘ። ተሳላሚ መስለው መጥተው የወሰዱት የሩቅ አገር ሰዎች እንደ ነበሩ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። ወሬውን በሰሙ ማግስት አባታችን በጀልባ ተሻግረው ፋሲሎ ሄዱ፤ በር ላይ ቆመው መስቀላቸውን ዘረጉ። ልጃቸው ተሳልመው እግራቸውን አጠቧቸው። ከዚያም፣ «የእኔን ተዉት አባዬ። የደሞዝን ስም በሰው ፊት ነው የጣሉት፤ በሰው ፊት ያንሡለት» አሉ። አባታችን እሺ አሉ። እሺ እንዳሉ ግን ዓመት ዓመትን ተካ። አቶ ደሞዝም፣ መስቀሉ ከተገኘ በኋላ እንኳ «ታዲያ ለምን ቀረ?» የሚል ስላልጠፋ፣ መንደራቸውን ትተው ባሕር ዳር ቀሩ።

ኮማንደር የብርጓል ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በማረሚያ ቤት የታራሚዎችን ትምህርትና ተሐድሶ መርተዋል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሌጅ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸውን ችሎት ወስደው ያስቀምጧቸው ነበር፤ ከዳኛው ይልቅ የተከሳሹን እናት ፊት እንዲያዩ ይነግሯቸው ነበር። ዛሬ እዚህ ከቆሙት ተማሪዎቻቸው መካከል ዐቃቤ ሕግ አለ፤ የጣት አሻራ መርማሪ አለች፤ ጥፋት ያጠፉ ሕፃናትን የምትከታተል አለች፤ በአመክሮ ለተፈቱ ሰዎች ሥራ የሚያፈላልግ አለ። ከአንድ ትምህርት ይህን ያህል መንገድ ይወጣል ብለን አልጠበቅንም ነበር። ትናንት ለቅሶ ቤት ተሰልፈው ሲገቡ ያየናቸው ጊዜ እኅታችን ምን ያህል ትልቅ ሰው እንደ ነበሩ ገና የገባን መሰለን።

በ2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ተገኘባቸው። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በመጨረሻ ሰሞናቸው አባታችን አልጋቸው አጠገብ ሲቀመጡ እኅታችን ስለ ሕመማቸው አንሥተው አያውቁም፤ የሚጠይቁት «ለደሞዝ ተናገሩለት?» ብለው ነበር።

ባለቤታቸው መሐንዲስ ይትባረክ፣ ልጆቻቸው ርሆቦትና ፍሬ ስብሐት፣ አባታቸው ቄሰ ገበዝ ዓምደ ሚካኤል እንዲሁም ይህን የምናነብላችሁ ወንድማቸው ኪዳነ ወልድ በሐዘን ቀርተናል። እናታችን ወይዘሮ አገርነሽ ቀድመዋቸው አርፈዋል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የአውጫጭኙን ነገር ለአባታችን ክብር ብለን ትተነው ነበር። ትናንት ስናነብላቸው እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «ዋናው የት አለ?» አሉን። ሁሉንም እንድናስገባ አዘዙን። ቀጥለውም የሚከተለውን በራሳቸው ቃል አጻፉን፤ እኛም እንዳለ እናነባለን።

«በአውጫጭኙ ቀን የቀረ ሰው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው አልሁ። የት እንደ ነበረ ሳልጠይቅ ፈረድሁ። ደሞዝ ንጹሕ ነው። ልጄ ልክ ነበረች። ይህን በሕይወቷ ሳለች፣ ጆሮዋ እየሰማ መናገር ነበረብኝ፤ አፈርሁና ዛሬ ነገ አልሁ። ያን ቀን የሰማችሁኝ ሁላችሁም ዛሬ እዚህ አላችሁ። ያን ቃሌን ከልባችሁ አውጡልኝ።»

አቶ ደሞዝ ከኋላ ቆመዋል። አቶ ደሞዝ፣ ወደ ፊት ይምጡልን፤ ቤተሰቡ ለቅሶ በሚቀበልበት ስፍራ አባታችን ከጎናቸው ቦታ ይዘውልዎታል።

ሳያጣራ የማይፈርድ እውነተኛው ዳኛ የእኅታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ቅዱስ ሚካኤልም እየመራ ከደጋጎቹ ማረፊያ ያድርሳቸው። አሜን።