ስለ እግር ኳስ አጥቂው አቶ አንድርያስ ማርቼሎ ዕረፍት እና ሳይደወል ስለቀረው ስልክ

በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የሚገኘው የህብረት ቅዳሜ እግር ኳስ ማኅበር መሥራቹንና የክብር ሰብሳቢውን አቶ አንድርያስ ማርቼሎን በሞት አጥቷል። አቶ አንድርያስ በኖቬምበር 2020፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ሉዊስ ሴንተር በሚገኘው ቤታቸው በድንገት ዐርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። መግለጫው ከቀብሩ በኋላ ለምን እንደዘገየ ከታች እንናገራለን። ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችሁብናል፤ እኛም በራሳችን ተቆጥተናል።

አቶ አንድርያስ እ.ኤ.አ. በ1931 ከጣልያናዊ መካኒክ አባታቸውና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስመኝ በድሬዳዋ ተወለዱ።

በ1950 ለከተማው ጣልያኖች ቡድን በአጥቂነት ተሰለፉ። ግራ እግራቸው የሚፈራ ነበር። ጎል ሲያገቡ አይጨፍሩም፤ ቀጥ ብለው ሄደው የወደቀውን በረኛ እጁን ይዘው ያነሱታል።

ከ1953 እስከ 1956 በአባታቸው አገር፣ በሰሜን ጣልያን ለምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ክለብ ተጫወቱ። ድሬዳዋ ላይ «ጣልያኑ» ይባሉ የነበሩት ሰው እዚያ ደግሞ «ሐበሻው» ተባሉ፤ በሁለቱም ሲጠሯቸው አቤት ይሉ ነበር። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሮ ጫማቸውን ሰቀሉ።

አዲስ አበባ ተመልሰው ወጣቶችን አሠለጠኑ፤ ወ/ሮ ፀሐይወርቅንም አገቡ። ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ሜዳ ሄደው አያውቁም። ነገር ግን ባለቤታቸው ከጨዋታ ሲመለሱ «ማን አሸነፈ?» ሳይሉ በር ከፍተውላቸው አያውቁም።

በ1984 በስደት ኮሎምበስ ገቡ፤ በ1996 ፍራንክሊንተን ሜዳ ላይ ማኅበራችንን መሠረቱ። ግሮቭ ሲቲ ካለው ዌርሃውስ (መጋዘን) ሺፍት ጨርሶ የመጣውንም፣ መኪናውን አቁሞ የመጣውንም ሹፌር በአንድ ማልያ አሰለፉ። በረኛውን ማንሳት በደንባችን የገባው በእርሳቸው ነው። ኮቪድ መነካካትን እስኪከለክል ድረስ ጎል አግብቶ ይህን የዘለለ አባል የለም።

አቶ አንድርያስ ሲያርፉ ወ/ሮ ፀሐይወርቅ በኮቪድ ታመው ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ነበሩ። ጠያቂ አይገባም፤ ከሰው የሚያገናኛቸው ስልካቸው ብቻ ነበር። ልጆቻቸው ሮሃ እና ሚካኤል፣ እናታቸው ድነው ቤት እስኪገቡ ድረስ መርዶው እንዳይነገር ለመኑን፤ ሥራ አስፈጻሚውም ተስማማ። በዚህ መሀል አንድ አባል የሟቹን ፎቶ በጥቁር ፍሬም በማኅበሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ፖስት አደረገ። እርሳቸው ስልካቸው ላይ ሊያዩት ይችሉ ነበርና ክው አልን። ፎቶው ወዲያው ተነሣ። በዚያው ድንጋጤ፣ ማንንም አፉ እንዳያመልጠው ብለን፣ ለወ/ሮ ፀሐይወርቅ ኮል ማድረግ ፈጽሞ እንዲቆም አዘዝን። ትእዛዙ ተከበረ። በየቀኑ ይደውልላቸው የነበረው ሁሉ ዝም አለ። የሚደውሉት ልጆቻቸው ብቻ ነበሩ፤ እነሱም «አባባ ተኝቷል» ይሏቸው ነበር። ቀብሩም በጥቂት ሰው፣ ወ/ሮ ፀሐይወርቅ በሌሉበት ተፈጸመ።

ባለፈው እሑድ ድነው ቤታቸው ገቡ። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቻችን ማስክ አድርገው ደጃቸው ላይ ቆሙ። የማኅበሩ ሰብሳቢ አቶ ሰይፈሥላሴ ንግግር ሳይጀምሩ ወ/ሮ ፀሐይወርቅ ቀደሟቸው፦

«አትድከሙ። መደወል ያቆማችሁ ቀን አውቄዋለሁ። ታምሜ ተኝቼ ሐበሻ ሁሉ ባንዴ ዝም ሲለኝ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ኦክስጅኑን እንደሰካሁ ብቻዬን አለቀስኩ። እግዜር ያጥናሽ የሚለኝ አንድ ሰው አልነበረም።»

ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ እዚህም በአደባባይ እንጠይቃለን። ለእርሳቸው፣ ለሮሃና ለሚካኤል፣ እንዲሁም ከአቶ አንድርያስ ጋር ለተጫወቱ ሁሉ ማኅበሩ መጽናናትን ይመኛል።

የመደወል ክልከላው ከዛሬ ጀምሮ ተነሥቷል። በመጪው ቅዳሜ ፍራንክሊንተን ላይ በአቶ አንድርያስ ስም እንጫወታለን። ጨዋታው እንዳለቀ እያንዳንዱ አባል ለወ/ሮ ፀሐይወርቅ ይደውል። በመጀመሪያ እግዜር ያጥናዎት ይበል። ከዚያ፣ ባይጠይቁም እንኳ፣ ማን እንዳሸነፈ ይንገራቸው።